ባንድዊድዝና የዳታ ማከማቻ በልክ እንዴት ይገዛል፣ የተረፈውስ ምን ይደረጋል?

ሜክሲኮና ስታዲየም ዙሪያ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ቢሮ ያለው ሰው ኢንተርኔት የሚገዛው ብዙ ጊዜ በግምት ነው። መስመሩ ቀን ላይ ሲንቀራፈፍ ከፍ ያለ ጥቅል ይገባል፤ ሌሊት ግን የተከፈለበት አቅም ሥራ ፈቶ ያድራል። ባንድዊድዝ፣ ማለትም መስመሩ በሴኮንድ የሚያሳልፈው የዳታ መጠን፣ ለነገ አይቀመጥም፤ የዛሬው ካልተጠቀሙበት ጠፋ። የሚከራዩት ማከማቻ ደግሞ አንዴ ከሞላ በየወሩ ያስከፍላል። ሁለቱን ለየብቻ ያስሉ።

መጀመሪያ ይለኩ። ራውተርዎ የትራፊክ መዝገብ ካለው ዳውንሎዱንና አፕሎዱን ለየብቻ አንድ ወር ይከታተሉ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ሜጋ ቢት፣ የፋይል መጠን የሚነገረው ግን በሜጋ ባይት መሆኑን አይርሱ፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያወጣ መስመር 1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) የሠርግ ቪዲዮ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ ማከማቻ ላይ፣ ለመጫን ሳያቋርጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቪዲዮ ቤት ያለው ሰው ጥሬውን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀርቶ ያለቀለትን ብቻ ቢልክ ይሻለዋል። ባክአፑም (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይጀምር፤ መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ራውተሩንም ሰርቨሩንም ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ።

ቀጥሎ አከፋፈሉን ይጠይቁ። በዓለም የጅምላ ገበያ ፍጆታው በየ5 ደቂቃው ይለካና ወሩ ሲያልቅ ከፍተኛዎቹ 5 በመቶ ንባቦች ይጣላሉ፤ ከቀሩት ትልቁ ሂሳብ ይሆናል። የ30 ቀን ወር 5 በመቶ 36 ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚጨናነቅ ቢሮ ለመጨናነቁ አይከፍልም ማለት ነው። ሻጩ ይህን አሠራር ባይሰጥዎም መጠየቁ አይከፋም።

ክላውድ ሲገዙ የማስቀመጫውን ዋጋ ብቻ አይዩ። ዳታውን መልሶ ማውጣት ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል፤ ብዙ ለማይነካ ዳታ የሚሆነው ርካሹ የመዝገብ ማከማቻ (አርካይቭ) ደግሞ ቶሎ ለሚሰርዝ ሰው አይመችም፣ ዳታው ቢያንስ ሊቆይበት የሚገባ ጊዜ አለው።

ወደ መሸጡ ስንመጣ፣ የቢሮዎን መስመር ለጎረቤት ቆርሶ መቸርቸር ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። እኔ የምመክረው ቀለል ያለውን ነው፦ ሰርቨሩ ላይ ቦታ የተረፈው ቢሮ ሌላ ሕንፃ ካለ ባልደረባው ጋር ባክአፕ ይለዋወጥ። ፋይሉ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ከመላኩ በፊት ይመስጠር፣ ቁልፉም ባለቤቱ ጋ ይቅር።

ውሉን አያቃሉት። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ1999 ባንድዊድዝን እንደ ጋዝ ሊያገበያይ ተነሥቶ ነበር፤ ገበያው ሳይደራ ኩባንያው በ2001 ከሰረ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጠው ሁለቱም ወገን በአንድ መለኪያ ሲስማሙ ነው። ስንት ቴራባይት፣ ከየት እስከ የት በምን ፍጥነት፣ የሚለካው ማን፣ ሲቋረጥ የሚቀነሰው ስንት፣ ውሉ ሲያበቃ ዳታው በስንት ቀን ተመልሶ እንደሚሰረዝ ይጻፍ።