ጠጥቶ ያሽከረከረ ሰው ጉዳት ሲያደርስብዎ ካሣ እንዴት ይጠየቃል?

አንድ ምሽት ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው ዜብራ ላይ ገጭቶኝ እግሬ ተሰበረ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ በሆስፒታል፣ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት የተማርኩት ነው።

1. በአደጋው ቦታ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ፕላን እንዲያነሳ ያድርጉ። እርስዎ ካልቻሉ አብሮዎ ያለ ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክትና የምስክሮችን ስልክ ይያዝ። የአልኮል ምርመራው በዚያው ሰዓት እንዲደረግ አጥብቆ ይጠይቅ። የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነው፤ አልኮሉ ግን በየሰዓቱ ከሰውነት ስለሚወጣ በማግስቱ የሚደረግ ምርመራ ዋጋ የለውም።

2. የሕክምና ማስረጃውን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ የታክሲውን ወጪ ሳይቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ።

3. የእርቅ ወረቀት ላይ ለመፈረም አይቸኩሉ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች የሾፌሩን ወንድም ይዘው አልጋዬ አጠገብ ቆሙ። «ልጄ፣ የልጆች አባት ነው፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በል» አሉኝ። 30,000 ብር ቆጥረው ትራሴ ሥር አስቀመጡና፣ ቀኝ እጄ ግሉኮስ ስለተሰካበት በግራ እጄ አስፈረሙኝ። ከወረቀቱ ግርጌ «ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል መስመር ነበረ፤ አንብቤዋለሁ፣ ክብደቱ ግን አልገባኝም ነበር።

ከሰባት ወር በኋላ አጥንቱ ስላልያዘ እግሬ ውስጥ የገባው ብረት ወጥቶ እንደገና ቀዶ ሕክምና ማድረግ ነበረብኝ፤ ገንዘቡ ለዚያ ወጪ ግማሽ እንኳ አልበቃም። ክስ ስመሠርት የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ወረቀት አቀረበ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት በስምምነት የተዘጋ ጉዳይ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፣ መዝገቤ ተዘጋ።

ስለዚህ ይቅርታ ማድረግ ከፈለጉ በአፍዎ ያድርጉ፤ ለሽማግሌዎቹም የሚገባቸውን ክብር ይስጡ። ገንዘብ ካስፈለገዎ ደግሞ «ለሕክምና በከፊል የተሰጠ፣ ከመጨረሻው ካሣ ላይ የሚታሰብ» በሚል ደረሰኝ ብቻ ይቀበሉ። ሐኪሙ ሕክምናው አልቋል ሳይልና የሕክምና ቦርድ የቋሚ ጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን ምንም ዓይነት የመዝጊያ ስምምነት አይፈርሙ።

4. መክሰስ ያለብዎ ሾፌሩን ብቻ አይደለም። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። የሾፌሩ የአልኮል ምርመራ ሳይደረግ የቀረበት ተጎጂም በዚህ ምክንያት ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ባለቤቱን ከሊብሬው ያገኙታል፤ መኪናው እንዳይሸጥ ደግሞ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ ያቅርቡ። ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። የሦስተኛ ወገን መድን ግን ጣሪያ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ነበር፤ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከመድን ድርጅቱ ይጠይቁ። የቀረውን ከባለቤቱና ከሾፌሩ መጠየቅ ይችላሉ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ጉዳይ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ተጎጂዎች ለተቋቋመው የመድን ፈንድ ይቀርባል።

5. የካሣውን መጠን ሲያሰሉ የሕክምና ወጪን፣ የቀረብዎትን ገቢና ወደፊት የሚቀርብዎትን ለየብቻ ይጻፉ። የደመወዝ ማስረጃ የሌለው የቀን ሠራተኛ በምስክር ያስረዳል፤ ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለም ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 2102 በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) ይወስናል። ለሞራል ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። በ1952 የተጻፈ ቁጥር እስካሁን አለመለወጡ በጣም ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም በዚህ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ።

6. የወንጀል ክሱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣ እንኳ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም። የካሣ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ወንጀሉ የረዘመ የይርጋ ጊዜ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ካለው ያ ሊጠቅምዎ ይችላል፣ እርስዎ ግን በሁለት ዓመቱ ይቁጠሩ። የዳኝነት መክፈያ ካጡ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ፤ ከቀበሌ የሚጻፈው የድህነት ማስረጃ ቀን ስለሚወስድ አስቀድመው ያውጡት።