የኤትናን ቀይ ወይን ሲያጣጥሙና ከምግብ ጋር ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲሲሊ ደሴት ምሥራቅ፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ የሚመረተው ኤትና ሮሶ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በመነሻ ቦታው ስም የተጠበቀ ቀይ ወይን ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ ከተባለው የአካባቢው ዝርያ መጠመቅ ይኖርበታል። ስለ ተራራው ብዙ ከመነገሩ የተነሣ ግን ጠጪው ገና ቡሹ ሳይነቀል ስለ ጣዕሙ ወስኖ ይጨርሳል፤ ስህተቶቹም በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው በብርጭቆው ውስጥ አመድና ድኝ መፈለግ ነው። የወይን ተክል ከአፈሩ የሚወስደው ውኃንና በውኃ የሟሙ ንጥረ ነገሮችን እንጂ የላቫን ጣዕም አይደለም። የእሳተ ገሞራው አፈር ጥቅሙ ልቅና አሸዋማ በመሆኑ ውኃን ቶሎ ማሳለፉ ሲሆን፣ ከዚያ ባልተናነሰ የወይኑን ጠባይ የሚወስነው ከፍታው ነው፤ አብዛኞቹ ማሳዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 እስከ 1,000 ሜትር ላይ ስለሚገኙ፣ ቀን የሚሞቀውና ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየር ፍሬው ኮምጣጣነቱን ሳያጣ ቀስ ብሎ እንዲበስልና እስከ ጥቅምት ድረስ ሳይለቀም እንዲቆይ ያደርገዋል። የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ በእርግጥ ከመጣ፣ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በተራራው ሳይሆን በመጥመቂያው ቤት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወይኑ አየር ሲያገኝ ሽታው ይጠፋል።

ሁለተኛው በቀለሙ መፍረድ ነው። ኔሬሎ ማስካሌዜ ፈዛዛ ነው። ይህን አይቶ «ውኃ በዝቶበታል» ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ ድዱ ሲኮማተር ይደነግጣል፤ ታኒኑ፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀውና የሚያኮማትረው የወይኑ ንጥረ ነገር፣ ጠንካራ ነውና። በዚህ ጠባዩ የሚቀርበው በሰሜን ጣሊያን ለሚመረተው ባሮሎ እንጂ ለደቡቡ ጠቆር ያሉና ወፍራም ወይኖች አይደለም።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚለው ልማድም ቤቶች እንደ ዛሬው በማይሞቁበት የአውሮፓ ዘመን የተወለደ ነው። ለኤትና ሮሶ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይስማማዋል፤ ከዚህ በጣም ሲሞቅ አልኮሉ ይጎላል፣ በጣም ሲቀዘቅዝም ታኒኑ ይሻክራል።

ከምግብ ጋር በማጣመር ረገድ የተለመደው ስህተት ወይኑን ለቀይ ሥጋ ብቻ ማስቀመጥ ነው። በእርግጥ በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ የበግ ሥጋ ይስማማዋል፤ ጨውና ስብ ታኒኑን ያለዝባሉ። ነገር ግን የወይኑ ትልቁ ሀብት ኮምጣጣነቱ በመሆኑ፣ ብዙ ቀይ ወይኖችን ከሚያደነዝዛቸው የቲማቲም ስጎ ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። በተራራው ግርጌ ያለችው የካታኒያ ከተማ የምትታወቅበት ፓስታ አላ ኖርማ የሚሠራው ከተጠበሰ ደበርጃን፣ ከቲማቲምና ጨው ከበዛበት ደረቅ አይብ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከየትኛውም ሥጋ የተሻለ ጓደኛው ይህ ነው። የተጠበሰ ቱና ወይም ሰይፍ ዓሣም ከቲማቲምና ከወይራ ጋር ከቀረበ ይስማማል፤ እንደ ሰርዲን ያለ ቅባታም ዓሣ ግን በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ሊተው ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

የሐበሻ ማዕድ ላይ ወይኑን የሚያቀርቡ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫቸው ዶሮ ወጥ ይሆናል። ዶሮ ወጥ የማዕዱ ንጉሥ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሳል፣ በርበሬውም በተራው ታኒኑን መራራ ያደርገዋል። ለዚህ ወይን የበግ አልጫ፣ ወይም አዋዜና ሚጥሚጣ ያልቀረበበት ጥብስ እጅግ የተሻለ ነው። የእንጀራው መኮምጠጥ እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል።

በመጨረሻም፣ «ከአንድ ተራራ የበቀሉ አብረው ይሄዳሉ» በማለት ወይኑን በምዕራቡ ተዳፋት ባለችው በብሮንቴ ፒስታቺዮ ከተሠራ ኬክ ጋር የሚያቀርቡ አሉ። ስኳሩ ደረቁን፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለውን ወይን ኮምጣጣና መራራ ብቻ አድርጎ ስለሚያስቀረው፣ ኬኩ ከመምጣቱ በፊት ጠርሙሱን መጨረስ ወይም ማንሣት ይገባል። ከጣፋጩ ጋር የግድ ወይን ያስፈልጋል ከተባለ፣ በሲሲሊና በቱኒዝያ መካከል ካለችው የፓንቴሌሪያ ደሴት የሚመጣውና በፀሐይ ከደረቀ ዚቢቦ የተባለ የወይን ዝርያ ፍሬ የሚጠመቀው ጣፋጭ ፓሲቶ ይቅረብ፤ ያቺም ደሴት እሳተ ገሞራ ናት።