በረዷማ የጭራቆች ምድር ስትጽፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

በረዶ የዋጠው ምድር፣ ውስጡም የጭራቅ ነገዶች። ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፍ ወይም ለጓደኞቹ የጨዋታ ዓለም የሚፈጥር ሰው አንድ ቀን እዚያ መድረሱ አይቀርም። ችግሩ አብዛኞቻችን የምናውቀው ብርድ የደብረ ብርሃን ጠዋት ወይም የስሜን ተራሮች ሌሊት ነው። ከዚያ የከፋውን ከፊልም እንቀዳለን፤ የተቀዳ ብርድ ደግሞ አንባቢን አያንቀጠቅጥም። እኔ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ የሚኖረው ፍጡር ምን ይበላል፣ ምንስ ያነዳል?

የመጀመሪያው ስህተት ብርዱን ለጌጥ ማስቀመጥ ነው። ጀግናው ጋቢውን ተከናንቦ በረዶ ላይ ይሮጣል፣ ይዋጋል፣ በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያወራል። እውነተኛ ብርድ ውስጥ ይህ ሰው ሊሞት ነው። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ላቡም ሩጫው እንደቆመ ገላውን ያቀዘቅዘዋል። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰዎች ሥራ ሲበዛባቸው ልብስ የሚያላሉት፣ ረጋ ብለው የሚራመዱት ለዚህ ነው። ሬንዲር ከሚባለው የሰሜን አጋዘን ቆዳ የሚለብሱትም በምክንያት ነው። የጠጉሩ ውስጥ ባዶ ስለሆነ አየር ይዞ ያሞቃል።

አሟሟቱንም እወቁት። የሰውነት ሙቀት ከ37 ዲግሪ ወደ 35 ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ጣቱ አይታዘዝለትም፣ ክብሪት መጫር ያቅተዋል። 32 አካባቢ ሲደርስ መንቀጥቀጡ እየቆመ ይሄዳል፤ የሚያስፈራውም ይኼኔ ነው። ምላሱ ይተሳሰራል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። አንዳንዱ መጨረሻ ላይ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። በረዶ ላይ ራቁታቸውን ሞተው የሚገኙ ሰዎች አሉ። ይህን ትዕይንት በደንብ የጻፈ ሰው፣ ጭራቁን እስኪያመጣ ድረስ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው፣ ሰማዩ ሁልጊዜ በረዶ እንዲጥል ማድረግ ነው። ቴርሞሜትር በምድር ላይ የመዘገበው ከሁሉ የከፋው ብርድ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ነው፤ በደቡብ ዋልታዋ አህጉር አንታርክቲካ፣ ቮስቶክ የምርምር ጣቢያ፣ በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 1983። የአንታርክቲካ መሃል ምድር ደግሞ የሚጥልበት በረዶ በጣም ጥቂት ስለሆነ በረሃ ተብሎ ይመደባል። ኃይለኛ ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል ነው። የደጋ ገበሬ ይህን ያውቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርደው ኮከብ በሚቆጠርበት ሌሊት ነው፤ ቀድሞ የሚመታውም ረባዳውን ማሳ ነው። በብርዷ የታወቀችው የሳይቤሪያዋ ኦይምያኮንም ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ይጠራቀምባታል። ስለዚህ የጭራቆቹን መንደር ሁልጊዜ ተራራ ጫፍ ላይ አትስቀሉት። ሸለቆ አውርዱት። እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ በረዶ ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ብዙዎች የሚወድቁት ግን ምግብ ላይ ነው። 3,000 ጭራቅ ከበረዶው ውስጥ ተሰልፎ ይወጣል። ምን ሲበላ ከረመ? የእኛ ተረት ጭራቅ ሰው ይበላል፤ እዚያ ግን ሰው የለም። እርሻ የለም፣ ግጦሽ የለም፣ ዛፍም ላይኖር ይችላል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ደመራ የሚያህል እሳት ይነዳል! እንጨቱ ከየት መጣ?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ነው። የዋልታ ድብ ያን የሚያህል ሰውነት የሚሸከመው ሲል የተባለውን የባሕር እንስሳ እያደነ ነው፤ ከሥጋውም ይልቅ ስቡን ይመርጣል። ሰውም ቢሆን እዚያ ያለ ስብ አይኖርም። ጥንቸልን የመሰለ ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው፣ ሆዱ ሞልቶም ይታመማል፣ ይመነምናል። የሰሜን አሜሪካ ዋልታና የግሪንላንድ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኢኑዊቶች በጥንቱ ኑሯቸው ከለስላሳ ድንጋይ የተጠረበ ኩራዝ ነበራቸው፤ በሲል ዘይት ይነዳል። ቤቱ የሚበራው በእሱ ነው። ምግብ የሚበስለው፣ የረጠበ ጫማ የሚደርቀው፣ በረዶው ቀልጦ የሚጠጣ ውሃ የሚሆነው በእሱ ነው። አንድ ኩራዝ ጠፋ ማለት ጥምም፣ ጨለማም፣ ሞትም ባንድ ላይ መጣ ማለት ነው። የእናንተ ነገዶች ገንዘብ ሞራ ይሁን። ጥሎሹም ሞራ፣ ካሣውም ሞራ፣ የጦርነቱ መነሻም የሲል ማደኛ ዳርቻ። ይህን አንዴ ከወሰናችሁ ግማሹ ታሪክ በራሱ ይመጣል።

የእነሱን ክረምት፣ ማለትም የበረዶውን ወራት፣ መንገድ ሁሉ የሚዘጋ አድርጎ መጻፍም ስህተት ነው። የሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ላይ የሌና ወንዝ በክረምት ሲረጋ መኪና በላዩ ይነዳበታል። መከራው ሲሞቅ ነው፤ መሬቱ ጭቃ፣ አየሩ ትንኝ ይሆናል። ጭራቆቹ በክረምት ቢዘምቱ ያስኬዳል፣ መመለሻውን ግን በረዶው ሳይሳሳ ያድርጉት። የረጅሙን ሌሊት ነገርም ላንሳ፦ ፀሐይ ለሳምንታት ባትወጣም ምድሩ ድቅድቅ ጨለማ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ወጋገን አለ፣ ጨረቃም ለቀናት ሳትጠልቅ የምትዞርበት ጊዜ አለ።

አሁን የሚያናድደኝ ላይ ደረስኩ። የሰሜን አውሮፓዎቹን ሳሚዎች፣ የሰሜን ሩሲያዎቹን ኔኔቶች ወይም የኢኑዊቶችን ልብስ፣ ድንኳንና ከበሮ ወስዶ ጭራቅ ላይ መለጠፍ። እነዚህ ዛሬም ያሉ ሕዝቦች ናቸው። እኛ ደግሞ ይህ ነገር ሊገባን ይገባል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን፣ ብሌምያውያን ራስ የላቸውም፣ አፍና ዐይናቸው ደረታቸው ላይ ነው ብሎ ጽፏል። ብሌምያውያን ከግብፅ በስተደቡብ የኖሩ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካርታ ሠሪዎችም ያን ምስል አፍሪካ ላይ መሳሉን ቀጠሉ። እንዲህ የተሳለ ምድር ልጅ ሌላውን እንዲህ ሊስል አይገባም። ጭራቃችሁን ከአየሩ፣ ከረሃቡና ከመሬቱ አውጡት፤ ከሰው ባህል አትስረቁለት።

ደግሞም ሁሉንም ክፉ አታድርጓቸው። የጥንት ኖርዲኮች (የሰሜን አውሮፓ ሰዎች) ተረት ውስጥ ዮትኖች የሚባሉት ግዙፍ ፍጡራን የአማልክት ጠላቶች ናቸው፣ ግን ዘመዶችም ናቸው፤ የአማልክቱ አለቃ የኦዲን እናት ከእነሱ ወገን ናት። ስካዲ የምትባለው የዮትን ልጅ አማልክቱ አባቷን ገደሉባት። የጦር መሣሪያዋን ታጥቃ ብቻዋን ደም ልትመልስ መጣች። እነሱም ለእርቅ ባል ሰጧት፤ ያውም እግሩን ብቻ አይታ እንድትመርጥ። የደረሳት ባል የባሕር አምላክ ኒዮርድ ሆነ። ዘጠኝ ሌሊት እሷ ተራራ ቢያድሩ እሱ የተኩላ ጩኸት አስጠላው። ባሕር ዳር ሲሄዱ እሷን ወፎቹ እንቅልፍ ነሷት። መጨረሻው መለያየት ሆነ። ክስ፣ ካሣ፣ ጋብቻ፣ ናፍቆት፤ ሁሉም የጭራቅ ወገን በተባለች ሴት ታሪክ ውስጥ አለ። የእናንተም የጭራቅ ልጅ በሰው መንደር ተድራ፣ ዶሮ በጮኸ ቁጥር ከእንቅልፏ እየባነነች አገሯ ልመለስ ስትል አሳዩን።