ሕንድ፣ ማይሶር ከተማ ወዳለው ዙ (የእንስሳት ማቆያ) ለምትሄዱ

ማክሰኞ እንዳትሄዱ፤ ዝግ ነው። ማይሶር ስማር እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ማክሰኞ ነበር፤ የተዘጋ በር አይቼ ተመለስኩ።

በሌሎቹ ቀናት የሚከፈተው በሕንዶቹ አቆጣጠር 8፡30 ነው፤ በእኛ ጠዋት 2፡30። ልክ በዚያ ሰዓት ድረሱ። ፀሐይ ሳትከር እንስሳቱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ረፋድ ላይ ግን አብዛኞቹ ጥላ ፈልገው ይጋደማሉ። ዳሳራ የሚባለው የሂንዱ በዓል ሰሞን ከተማው በሰው ስለሚጨናነቅ ሌላ ጊዜ ብትመርጡ እመክራለሁ።

ከማይሶር ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። ባጃጅ ያዙ፤ እነሱ ኦቶ ነው የሚሉት። ዋጋ ሳትነጋገሩ እንዳትሳፈሩ።

ፕላስቲክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። የውሃ ጠርሙስ ግን በመያዣ ያሳልፋሉ። እኔ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ስገባ ምልክት ለጠፉበትና መያዣ አስከፈሉኝ። ስወጣ ጠርሙሱን አሳይቼ ገንዘቤን ወሰድኩ። ይሄ አሠራር በጣም ነው ደስ የሚለኝ፤ ምናለ በየፓርኩ ቢለመድ እላለሁ።

ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1892 ያቋቋሙት የማይሶር ንጉሥ ቻማራጄንድራ ዋዲያር ናቸው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ለለመደ ሰው ስፋቱ ይገርማል። ሦስት ሰዓት መድቡ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ። መራመድ ለሚከብዳቸው እናት አባቶች በባትሪ የሚሄድ መኪና አለ።

ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጡ። ቀጭኔዎቹ ጋ ቁሙ። ቅጠሉ ከፍ ተደርጎ ይሰቀልላቸዋል። አንዷ ያንን ጠቆር ያለ ምላሷን ዘርግታ ቅርንጫፉን ጥምጥም አደረገችው። ከዚያ ሳብ! ቅጠሉ ተመልምሎ ባዶ እንጨት ቀረ። ያ ምላስ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እኔ እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፣ አልቆጨኝም። ነጩን ታይገርና እ.ኤ.አ. በ2021 ከጀርመን የመጡትን ሁለት ወንድ ጎሬላዎችም እንዳያመልጧችሁ።

ሰሌዳዎቹንም አንብቡ። እዚያ ማንም ሰው የአንድ እንስሳ የቀለብ ወጪ ሸፍኖ "ማሳደግ" ይችላል፤ ስሙም ይጻፍለታል። ለልጃቸው ልደት ድግስ በማዘጋጀት ፈንታ ይሄን የሚያደርጉ ወላጆች አሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ የተሰጠው ልጅ ዙ ሲመጣ እንግዳ አይሆንም፤ የእኔ የሚለው እንስሳ አለው።

አቅም ከተረፋችሁ ካራንጂ ሐይቅ ጎኑ ነው። ወፎቹ ያሉበት ትልቅ የሽቦ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ፒኮኮቹ እግራችሁ ሥር ያልፋሉ።