አደገኛ የቼዝ መክፈቻ በኮምፒውተር ስናጠና የምንሠራቸው ስህተቶች

ሲሲሊያን ናይዶርፍ በሚባለው የቼዝ መክፈቻ ውስጥ «የተመረዘው ወታደር» የሚባል መስመር አለ። ጥቁር ገና በ8ኛው እርምጃ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር በንግሥቱ ይበላል። ነጭ ወታደሩን ቢያጣም ፋታ ሳይሰጥ ያጠቃል። አንድ እርምጃ የሳተ አለቀለት። እንዲህ ያለውን መስመር ለማጥናት ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም የመሰለ አጋዥ የለም፤ ያውም በነጻ። አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

ትልቁ ስህተት ማን እንደሚበልጥ የሚያሳየው የኮምፒውተሩ ቁጥር 0.00 ሲሆን «እኩል ነው» ብሎ ማለፍ ነው። በዚህ መስመር 0.00 ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱም ወገን በየተራው ያለችውን አንዲት ትክክለኛ እርምጃ እያገኙ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ በማያባራ ቼክ አቻ ስለሚወጡ ነው። ኮምፒውተሩ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየዋል። እናንተ ሰዓቱ እየሮጠባችሁ ታገኙታላችሁ? አንዱ አምስት ደህና አማራጭ ኖሮት ሌላው አንድ ብቻ ከቀረው፣ ለእኔ ያ ጨዋታ እኩል አይደለም።

ይህን ለማወቅ አንደኛውን ምርጫ ብቻ አትዩ። አራት መስመር እንዲያሳያችሁ አድርጉት። አንደኛው ከሁለተኛው በጣም ከራቀ ያቺን እርምጃ በቃል መያዝ ግድ ነው። ተጋጣሚ ደግሞ እናንተ ያጠናችሁትን ብቻ አይጫወትም። እ.ኤ.አ. በ1972 በአይስላንዷ ሬይክያቪክ፣ በዓለም ሻምፒዮናው 11ኛ ጨዋታ፣ በዚሁ መስመር፣ ነጭን የያዘው የሶቪየቱ ሻምፒዮን ስፓስኪ በ14ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ መነሻው ቢ1 መለሰው። ቼክ የለው፣ የሚበላው የለው፤ ወደ ኋላ ብቻ። ጥቁርን የያዘው አሜሪካዊው ፊሸር በኋላ ንግሥቱን ተነጠቀ፤ በ31ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ።

ችኮላም አለ። መስዋዕት በበዛበት ቦታ የ5 ሰከንድ ቁጥር አይታመንም። ኮምፒውተሩ የማይረቡ የመሰሉትን እርምጃዎች እየተወ ስለሚያስብ፣ ድምፅ የሌላትን፣ ቼክም መብላትም የሌለባትን ገዳይ እርምጃ ዘግይቶ ሊያያት ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ በእጃችሁ አራት አምስት እርምጃ ወደፊት ሂዱና ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ።

ደግሞ እባካችሁ ኮምፒውተሩን ቀድማችሁ አትክፈቱ። ሰሌዳውን ዘርግታችሁ ሃያ ደቂቃ ራሳችሁ አስቡ፤ የመረጣችሁትን ጻፉ። ኮምፒውተሩ ካልወደደላችሁ ያንኑ እርምጃ አስገቡና በምን እንደሚቀጣችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት።