የሞንግ ዘማች አባቶችን ታሪክ ስትጽፉ እነዚህን አትሳሳቱ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ለሚኖር ሐበሻ ከላኦስ ተራሮች ተሰድደው የመጡት ሞንጎች እንግዳ አይደሉም። ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ እንተያያለን። ታዲያ ከእነሱ አንዱን፣ ዘምቶ፣ ተሰድዶ፣ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ለወገኑ ሲሮጥ የኖረ አባት ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ደጋግሞ የሚሳሳታቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ነገር «የቬትናም ስደተኛ» አትበሉት። ጦርነቱ ከቬትናም ጋር ቢያያዝም እሱ የላኦስ ተራራ ሰው ነው፤ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ጎሳ አለው። «ሜኦ» የሚለው የድሮ ስም ደግሞ ስድብ ነው።

«የአሜሪካ ወታደር ነበር» ማለት ከሁሉም ይብሳል። ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሞንጉ ጄኔራል ቫንግ ፓኦ ሥር ሞንጎችን ያስታጠቀው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ነው። በ1962 በጄኔቫ ስምምነት ላኦስ ገለልተኛ ተባለች፤ ስለዚህ ጦርነቱ በድብቅ ሆነ። ተመትተው የወደቁ አሜሪካውያን አብራሪዎችን ከጫካ አወጡ፤ ከሰሜን ቬትናም ጦር ጋር ተዋጉ። የአሜሪካ ጦር መዝገብ ላይ ግን የሉም። አሜሪካ ሲገቡም የዘማች ጡረታ አላገኙም። እንግሊዝኛ ሳይጠየቁ ዜጋ እንዲሆኑ ሕግ የወጣው በ2000 ነው። በዚያ ሕግ ዜጋ የሆኑት ዘማቾች በብሔራዊ የወታደሮች መቃብር እንዲያርፉ የተፈቀደው ደግሞ በ2018። ጡረታ የለም፣ መቃብር ግን አለ! ይህን ሳትጽፉ «ባለውለታ» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ምኑን ጻፋችሁት?

ሌላው ስህተት ታሪኩን ኤርፖርት ላይ መጨረስ ነው። የ1975ቱ የሎንግ ቲየንግ (የቫንግ ፓኦ ጦር ሰፈር) የሽሽት ግርግር፣ የሜኮንግን ወንዝ በቀርከሃ ተንሳፍፎ መሻገር፣ ታይላንድ የነበረው የባን ቪናይ የስደተኞች ካምፕ፤ ይሄ ልብ ይሰቅላል። ከዚያ ጸሐፊው ይደክመውና «አሜሪካ ገብቶም ማኅበረሰቡን አገለገለ» ብሎ ይዘጋዋል። ምን ሠርቶ? ዋናው ታሪክ እኮ እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ትንሽ የሚሰባብር ሰው የሰፈሩ ጠበቃም ሹፌርም ነበር። ከፈረቃ ሲመለስ በሩ ላይ ደብዳቤ የያዘ ጎረቤት ቆሞ ይጠብቀዋል። ደብዳቤው የመብራት ሒሳብ ነው ወይስ ከቤት ማስወጫ? ጫማውን ሳያወልቅ ያነብለታል። ሆስፒታል ሄዶ ደግሞ «ካንሰር» ለሚለው በቋንቋው ቃል ያጣና ነገሩን ዙሪያውን ዞሮ ያስረዳል። ሰው ሲሞት ቀብሩ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ ጎሳው ገንዘብ ያዋጣል፣ ያበስላል፣ ያድራል። እድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። እነዚህን ቀኖች አንድ በአንድ ጠይቁት። «ምንም አልሠራሁም» ማለቱ አይቀርም፤ አትመኑት።

ሁሉንም ነገር በቫንግ ፓኦ በኩል ማየትም ይቅርባችሁ። ጄኔራሉ ጄኔራል ነው፤ የእናንተ ሰው ሌላ ነው።

በመጨረሻ፣ የልደት ቀኑን ከመታወቂያው አትገልብጡ። ጃንዋሪ 1 የብዙ ስደተኛ ልደት መሆኑን የእኛም ሰው ያውቀዋል። ቀኑን ትታችሁ ቦታውን ጠይቁ። በባህላዊው የሞንግ ቀብር ላይ መንገድ መሪው ሟቹ የኖረባቸውን ቦታዎች ወደ ኋላ እየጠራ ነፍሱን ይሸኛታል፤ ከሴንት ፖል ወደ ካምፑ፣ ከካምፑ ሜኮንግን አሻግሮ ወደ መንደሩ፣ የእንግዴ ልጁ ወደተቀበረበት ቤት። እኛ «እትብቱ የተቀበረበት» የምንለው መሆኑ ነው። ስለዚህ የመንደሩን ስም ሲነግራችሁ ሁለት ሦስቴ አስደግሙትና ጻፉት።