ኤጀንቱ ስለ ጣና የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ፦ የመረጃ ማምጫ ቱል ገለጻ ችግሮችና መፍትሄዎች

ከዳታቤዝ መረጃ የሚያመጣ ቱል (ኤጀንቱ የሚጠራው ፕሮግራም) ለኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ቱሎችን እየጠራ ሥራ ለሚሠራ የኤአይ ሥርዓት ስታቀርቡ ኤጀንቱ የቱሉን ኮድ አያየውም። የሚያየው የቱሉን ስም፣ ገለጻውንና የፓራሜትሮቹን (ሲጠራ የሚሞላቸውን ክፍሎች) ዝርዝር ነው። ገለጻው ላይ የጎደለውን ሰው ባልደረባውን ጠይቆ ይሞላዋል፤ ኤጀንት ግን ገምቶ ይሞላዋል። እዚህ በምሳሌነት የያዝነው የጣናን የውሃ ከፍታ፣ የገባር ወንዞቹን ፍሰትና የባሕር ዳርን ዝናብ የሚያመጣ ቱል ነው። ቀድመን ያነሳነው ከሁሉ የከፋውን፣ ኤረር ሳያሳይ የሚያሳስተውን ነው።

ቁጥሩ ይመጣል፣ ዓመቱ ግን ሌላ ነው

ምልክት፦ ተጠቃሚው «በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የጣና ከፍታ ስንት ነበር?» ይላል። ኤጀንቱ ነሐሴን ኦገስት አድርጎ 2016ን እንዳለ ይልካል። የኦገስት 2016 መረጃ ዳታቤዙ ውስጥ ስላለ ቁጥር ይመለሳል። የተጠየቀው ግን ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 ያለው ነበር።

ምክንያት፦ የፓራሜትሩ ገለጻ «ቀን» ብሎ ዝም ብሏል።

መፍትሄ፦ «8 ደምር» ብሎ መጻፍ አያዋጣም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ነው፤ ጳጉሜም አንዴ 5፣ አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። ስሌቱን ለኤጀንቱ አትተዉ፣ የቱሉ ኮድ ይሥራው። «የቀን አቆጣጠር» የሚል አስገዳጅ ፓራሜትር ጨምሩ፤ «ኢትዮጵያ» ወይም «ጎርጎርዮስ» ብቻ ይቀበል። ነባሪ ዋጋ (ሳይሞላ ሲቀር የሚወሰድ ዋጋ) አትስጡት፤ ከሰጣችሁት ኤጀንቱ ዘሎት ያልፋል። ገለጻው እንዲህ ይበል፦ «ተጠቃሚው ዓ.ም. ካለ ኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. ካለ ጎርጎርዮስ ምረጥ፤ ሁለቱንም ካላለ ከመጥራትህ በፊት ጠይቀው።» ምላሹም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይያዝ፤ ስህተት ቢያልፍ እንኳ ተጠቃሚው ያየዋል። በሰዓትም ያው ነው፦ የጠዋቱ 2 ሰዓት ንባብ ዳታቤዙ ውስጥ 08:00 ተብሎ ይገኛል።

«በዚያ ወቅት ዝናብ አልነበረም» ይላል

ምልክት፦ በክረምት መካከል ባሕር ዳር ላይ ዝናብ እንዳልጣለ ይነግራችኋል።

ምክንያት፦ ቱሉ ባዶ ዝርዝር መልሷል። ዳታቤዙ «ባሕር ዳር» ብሎ መዝግቦ ኤጀንቱ «ባህር ዳር» ወይም «ባህርዳር» ብሎ ፈልጎ ይሆናል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት መደበኛ ሥርዓት) ሀን፣ ሐንና ኀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚይዛቸው፤ የተለመደው የዩኒኮድ ማስተካከያም አንድ አያደርጋቸውም።

መፍትሄ፦ የመለኪያ ጣቢያ በስም አይጠራ፤ በኮድ (በአጭር መለያ) ይጠራ፤ ኮዶቹም ገለጻው ውስጥ በተዘጋ ዝርዝር ይቀመጡ። ጣቢያዎቹ ብዙ ከሆኑ ስም ተቀብሎ ኮድ የሚመልስ ሌላ ቱል ሥሩ፤ እሱም ሀ/ሐ/ኀ፣ ሰ/ሠ፣ አ/ዐ፣ ጸ/ፀን ከነርባታቸው አንድ አድርጎ፣ ክፍተትን ረስቶ ይፈልግ። ከዚያ በኋላ ባዶ ምላሽን ጨርሶ ከልክሉ። «ጣቢያው አይታወቅም»፣ «ጣቢያው አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ልኬት የለም» እና «ተለክቶ 0 ሚሊ ሜትር ነው» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ በቃል ተጽፈው ይመለሱ።

ከፍታው አንዴ 1,786 ሜትር፣ አንዴ 2 ሜትር ይሆናል

አንዱ ከባሕር ወለል በላይ ያለ ከፍታ ነው፣ ሌላው የመለኪያ ዘንግ ንባብ። ኤጀንቱ ሁለቱን ካቀናነሰ ሐይቁ ደረቀ ማለቱ አይቀርም። አሃዱንና መነሻ ነጥቡን ገለጻው ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ምላሽ ውስጥ ጻፉ።

እዚህ ላይ ቱሉ የማያውቀውንም ጻፉ። ውሃ ከጣና የሚወጣው በዓባይ መውጫ በጨረጨራ ብቻ አይደለም፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫም ይሄዳል። ቱሉ የጨረጨራን ብቻ የሚለካ ከሆነ «የበለስን አይጨምርም፤ የሐይቁ ጠቅላላ ወጪ አድርገህ አታቅርብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ስለተሠራ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው የከፍታ መረጃ እንደ አንድ ተከታታይ እንዳይነጻጸርም አስጠንቅቁ።

የዓመቱ ዝናብ እጅግ አነሰ

ቱሉ በአንድ ጥሪ 100 ረድፍ ብቻ ይመልሳል እንበል። ከጃንዋሪ 1 የጀመረ ዕለታዊ መረጃ ኤፕሪል 10 ላይ ይቆረጣል፤ ክረምቱ ገና አልገባም። ኤጀንቱ ግን የደረሰውን ደምሮ «የዓመቱ ድምር» ይለዋል። ምላሹ «ከ365 ረድፍ 100 ቀርቧል፤ ለቀጣዩ ይህን ምልክት ላክ» ይበል። ከዚያ የሚሻለው ግን ድምርና አማካይን ራሱ ቱሉ አስልቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ ቶክንም (ሞዴሉ የሚያነባቸውንና የሚጽፋቸውን የጽሑፍ ቁርጥራጮች) ይቆጥባል።

ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ ይልካል

«ስህተት 400» (ጥያቄው ልክ አይደለም የሚል ኮድ) ብቻ ስለተመለሰለት ነው። ኤረሩ የቱ ፓራሜትር እንደተሳሳተና ትክክለኛው ቅርጽ ምን እንደሆነ ከምሳሌ ጋር ይንገረው።

ገለጻውን ባስተካከላችሁ ቁጥር ኤጀንቱን ያንኑ የፈተና ጥያቄዎች ስብስብ መልሳችሁ ጠይቁት፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አትቀይሩ። ከመልሱ በፊት የጥሪውን መዝገብ ክፈቱ፦ የትኛው ቱል ተጠራ፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው አቆጣጠር? መልሱ በአጋጣሚ ትክክል ሊሆን ስለሚችል ፈተናውን አልፏል የምትሉት ጥሪው ትክክል ሲሆን ነው።